ልጅቷን ከመውቀስ በፊት ብረቱ ይታይ

ቅዳሜ ጠዋት ነው እንበል። ከተማው ሚኒያፖሊስም ይሁን ቶሮንቶ ወይም ስቶክሆልም ለውጥ የለውም። ከበረዶው ሜዳ ዳር አንዲት እናት ካፖርቷን ደርባ፣ የቡና ኩባያዋን በሁለት እጇ አቅፋ ቆማለች። የ10 ዓመት ልጇ በረዶው ላይ አንዱን ዝላይ ደጋግማ ትሞክራለች። ትዘላለች፣ ታርፋለች፣ በቀኝ ጎኗ ትወድቃለች። ትነሣለች፣ ትዘላለች፣ እንደገና በዚያው ጎኗ ትወድቃለች። አሠልጣኟ «ቀጥ በይ፣ ሰውነትሽን ያዢ» ትላታለች። እናቷም ከውጭ ሆና «የኔ ልጅ፣ ልብሽን ሰብስቢ!» ትላለች። እንዲህ ሲሆን ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ወደ ቤት ሲመለሱ ልጅቷ መኪና ውስጥ «እኔ አልችልም» ብላ ታለቅሳለች።

ከሦስቱ አንዳቸውም ያላደረጉት አንድ ነገር አለ፤ ጫማውን ገልብጦ ብረቱን ማየት።

በፊገር ስኬቲንግ አንድ ልጅ በአንድ ዓይነት መንገድ ደጋግሞ ከወደቀ፣ ስለ ችሎታው፣ ስለ ትኩረቱና ስለ ድፍረቱ ከመናገር በፊት የቆመበት ብረት መመርመር አለበት። ብረቱ ሲገዛም ስሙና ዋጋው መመዘኛ ሊሆኑ አይገባም። መታየት ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ለልጁ ደረጃ ይስማማል ወይ? ቀጥ ያለ ነው ወይ? ሁለቱ አፎቹስ እኩል ናቸው ወይ? ይህን ለማየት የግድ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አንድ ሳንቲም፣ የእጅ ጥፍርና ጥሩ ብርሃን ብዙውን ነገር ይናገራሉ።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ይጠቅማል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ለንደን የጻፈው ዊልያም ፊትዝስቲቨን፣ በብርዱ ወራት ከከተማዋ አጠገብ ያለው ረግረግ ሲረጋ ወጣቶች የእንስሳ አጥንት ከእግራቸው ሥር አስረው፣ ጫፉ ብረት የሆነ ዘንግ ይዘው እንደሚንሸራተቱ ይናገራል። ዘንጉን የያዙት ለጌጥ አልነበረም። አጥንት ይንሸራተታል እንጂ በረዶውን አይነክስም። ስለዚህ ሰውየው በእግሩ ገፍቶ መሄድም ሆነ እንደልቡ መታጠፍ አይችልም፤ ጀልባ በመቅዘፊያ እንደሚገፋ ራሱን በዘንጉ ይገፋል። ኋላ ላይ በሆላንድ አካባቢ አፍ ያለው ብረት ከእግር ሥር ሲገባ ዘንጉ ተጣለ። በ1860ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው ጃክሰን ሄይንስ ብረቱን ከጫማው ጋር አጥብቆ አያይዞ፣ የባሌና የሙዚቃ ስሜት ያለውን አዲስ አካሄዱን ይዞ ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ቪየና በደስታ ተቀበለችው። ዛሬ ፊገር ስኬቲንግ የሚባለው ስፖርት ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ሰው በበረዶ ላይ እንደልቡ መዞር የቻለው እግሩ ሥር አፍ ያለው ብረት ስለገባ ነው። ያ አፍ ሲበላሽ ልጁ ከነዚያ የአጥንት ዘመን ወጣቶች ብዙም አይሻልም፤ ያውም ዘንግ ሳይዝ።

የፊገር ስኬቲንግ ብረት ከሩቅ ሲያዩት እንደ ቢላ አንድ አፍ ያለው ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት አለው፤ ከሥሩም ከተረከዝ እስከ ፊት ድረስ የሚሄድ ቀጭን ቦይ ተቆፍሮበታል። የቦዩ ግራና ቀኝ ዳር ሁለት አፍ ይሆናሉ፤ አንዱ የውስጥ አፍ፣ ሌላው የውጭ አፍ ይባላል። ከፊት በኩል ለመዝለልና ለመሽከርከር የሚያገለግሉ ጥርሶች አሉት። ከጎን ሲታይ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር የለውም፤ እንደ ታንኳ ሆድ ወደ ታች በትንሹ ጎበጥ ያለ ነው። ሁለቱ አፎች፣ ቦዩ፣ ጉብጠቱና ጥርሶቹ፤ የብረቱ ሥራ በሙሉ በእነዚህ ላይ ነው።

አሁን የሁለቱን አፎች እኩልነት በቁጥር እንመልከት። በ4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላይ አንዱ አፍ ከሌላው በ0.1 ሚሊ ሜትር ቢያጥር፣ ማለትም በአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ ቢያንስ፣ የልጅቷ መቆሚያ አንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ ወደ ጎን ያዘነብላል። ልዩነቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ወደ 3 ዲግሪ ይጠጋል። ዓይን ይህን በቀላሉ አያየውም፤ ቁርጭምጭሚት ግን ያውቀዋል። ባጠረው አፍ ላይ ለመቆም ልጅቷ ከልኩ በላይ ማዘንበል ይኖርባታል፤ ከልኩ በላይ ስታዘነብል ትወድቃለች። ላለመውደቅ ስትል ደግሞ ሳይታወቃት ሌላ አቋቋም ትለምዳለች። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የተበላሸ ብረት በአንድ ቀን ይስተካከላል፤ በተበላሸ ብረት ላይ የተለመደ አቋቋም ግን ለመልቀቅ ወራት ይፈጃል።

ውድድር ላይ ሲደረስ ጉዳዩ ነጥብ ይሆናል። ሉትዝ የሚባለው ዝላይ የሚነሣው ወደ ኋላ እየሄዱ ከውጭ አፍ ላይ ነው። ፍሊፕ የሚባለው ደግሞ እንዲሁ ወደ ኋላ እየሄዱ ከውስጥ አፍ ላይ ይነሣል። ሁለቱም በሌላው እግር ጥርስ ታግዘው የሚዘለሉ በመሆናቸው ለተራ ተመልካች አንድ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው የተነሡበት አፍ ነው። የቴክኒክ ባለሙያዎች አነሣሡን በቪዲዮ መልሰው ያያሉ። አፉ በግልጽ የተሳሳተ ከሆነ ዝላዩ ላይ «ኢ» የተባለችውን ፊደል ያስቀምጣሉ፤ የዝላዩም መነሻ ዋጋ ይቀንሳል። ብዙ ልጆች ሉትዝ ሊዘሉ ሲሉ በመጨረሻዋ ቅጽበት ወደ ውስጥ አፍ ይንሸራተታሉ። አብዛኛውን ጊዜ ስሕተቱ የቴክኒክ ነው፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን የግራ እግር ውጭ አፉ ያጠረበት ልጅ ወደ ውስጥ ተንሸራተትክ ተብሎ ሲወቀስ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆናል። ማረፊያውም ላይ እንደዚያው ነው። ሁሉም ዝላይ ከሞላ ጎደል የሚያርፈው ወደ ኋላ በውጭ አፍ ላይ ነው። ያ አፍ ከደነዘ ወይም ካጠረ፣ አየር ላይ የተሠራው ሥራ ሁሉ በማረፊያው ይፈርሳል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ ቀላልም አይደለም። «ሰነፍ ሠራተኛ ከመሣሪያው ይጣላል» ይባላል። ልጅን ጥፋቱን በጫማው ላይ እንዲያላክክ ማስተማር ጥሩ ነው ወይ? ብዙ አሠልጣኞች በዚህ ምክንያት ስለ ብረት ማውራት አይወዱም፤ ሰበብ ፈላጊ ተማሪ ሰልችቷቸዋል። ስጋታቸው እውነት አለበት። ቢሆንም ምሳሌው የሚሠራው መሣሪያውን ራሱ መርጦ፣ ራሱ ስሎ፣ ራሱ ለያዘ ሠራተኛ ነው። የ10 ዓመት ልጅ ብረቷን አልመረጠችም፣ አልሳለችም፣ ምን መምሰል እንዳለበትም አልተነገራትም። ሐበሻ ቤት ውስጥ ሥጋው አልቆረጥ ሲል «ቢላው ደንዟል» ተብሎ በሲኒ ቂጥ ወይም በደጃፍ ድንጋይ ሸተር ሸተር ይደረጋል እንጂ የያዘችው ልጅ ሰነፍ አትባልም። ለበዓል በግ የሚያርድ አባወራም ቢላውን በአውራ ጣቱ ሳይሞክር አይጀምርም። ይህን ሰበብ መፈለግ የሚለው የለም፤ ጥንቃቄ ነው።

ደግሞስ ብረት ታዋቂውንም አይምርም። ጃፓናዊው ዳይሱኬ ታካሃሺ እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ሻምፒዮን ነበር። በ2011 ሞስኮ ላይ ክብሩን ሊያስጠብቅ ገብቶ ነፃ ፕሮግራሙን እንደጀመረ ብረቱን ከጫማው ጋር የያዘው ብሎን ወለቀ። ትርዒቱ ቆመ፤ በተሰጠው አጭር ጊዜ ጫማው ተጠግኖ ቀጠለ፤ በመጨረሻም 5ኛ ሆነ። በዚያ ምሽት ሰነፍ ሠራተኛ ያለው ሰው ያለ አይመስልም። የዓለም ሻምፒዮን ላይ በግልጽ የሚታይ እንዲህ ያለ ብልሽት፣ ጀማሪ ልጅ ላይ ሲደርስ ማንም ሳያየው «አትችልም» ተብሎ ያልፋል።

ወደ ግዢው እንምጣ። ወላጅ በብዛት የሚሳሳተው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ ከልክ በላይ በመውደድ፣ ሌላው ከልክ በላይ በመቆጠብ።

የመጀመሪያው ወላጅ የሻምፒዮኖችን ብረት ይገዛል። የእንግሊዟ ሸፊልድ በብረት ሥራዋ የታወቀች ከተማ ናት። ታሪኩን ከ1696 የሚቆጥረው ጆን ዊልሰን ከዚያች ከተማ የወጣ ነው። ጎልድ ሲል ወይም ፓተርን 99 የሚባሉት የዊልሰን ብረቶች ከባድ ዝላይ ለሚዘሉ የተሠሩ ናቸው፤ ዋጋቸውም ብዙ መቶ ዶላር ነው፤ ያውም ያለ ጫማው። ጥሩ ብረቶች መሆናቸው አያከራክርም። ግን ለማን? ጥርሳቸው ትልቅ ነው። ድርብና ሦስት ዙር ለሚዘል ሰው ያ ጥርስ በረዶውን ቆንጥጦ ይይዝለታል፤ ገና ወደፊት መሄድ ለሚለማመድ ልጅ ግን እንደ እንቅፋት ድንጋይ ነው፤ በግንባሩ ይደፋዋል። ኮሮኔሽን ኤስ የሚባለው የዚያው ቤት ብረት ነጠላ ዝላዮችን ለጨረሰና አክስልን ለሚሞክር ልጅ ለብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ዋጋውም በጣም ያነሰ ነው። ገና ለጀመረ ልጅ ደግሞ ከደህና ጫማ ጋር አብሮ የሚመጣው ብረት በቂ ነው። ልጅ ደረጃውን ሲያልፍ ብረቱ ይቀየራል። ደረጃውን እንዲያልፍ ተብሎ አስቀድሞ የተገዛ ብረት ግን ወደዚያ ደረጃ የሚወስደውን መንገድ ያረዝምበታል።

ጉብጠቱም ላይ ልዩነት አለ። ብረቱ ከጎን ሲታይ ያለው ቅስት ከአንድ ትልቅ ክብ ላይ የተቆረጠ ቁራጭ ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። የተለመዱት ሁለት ልኮች የክቡ ራዲየስ 7 ጫማ፣ ማለትም 2.13 ሜትር ገደማ፣ ወይም 8 ጫማ፣ ማለትም 2.44 ሜትር ገደማ የሆኑት ናቸው። ባለ 7 ጫማው ይበልጥ ስለሚጎብጥ ለመታጠፍና ለመዞር ይቀላል። ባለ 8 ጫማው ጠፍጠፍ ስለሚል ብዙ ብረት በረዶውን ይነካል፤ ረጋ ያለ ስሜት ይሰጣል። ኮሮኔሽን ኤስ ከመጀመሪያው፣ ጎልድ ሲልና ፓተርን 99 ከሁለተኛው ወገን ናቸው። አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ሆኖም በአንዱ ላይ ዓመታት የለመደ ልጅ በውድድር ዋዜማ ወደ ሌላው ቢዛወር፣ ሽክርክሪቱ የት እንደገባ ሲፈልግ ይከርማል።

ሁለተኛው ወላጅ በተቃራኒው «ልጅ ነው፣ ነገ ያድግበታል» ብሎ በገበያ ያገኘውን ርካሹን ያነሣል። ይህን ወላጅ መውቀስ አይገባም። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ኪራይ የሚከፍል፣ አገር ቤት የሚልክ ሰው ለሚያድግ እግር ውድ ጫማ ባይገዛ ያስመሰግነዋል። ያገለገለ ጫማ መግዛትም ብልህነት ነው፤ ደህና ሆኖ የተያዘ አሮጌ ብረት ከአዲስ ርካሽ ብረት ይሻላል። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ብረቱ ይመርመር።

ምርመራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መጀመሪያ ጫማው ተገልብጦ እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ ከተረከዝ ወደ ፊት በአንድ ዓይን ይታይ። ብረቱ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ከታጠፈ ሌላ ምንም ማየት አያስፈልግም፤ ይተው። የተጣመመ ብረት በስሎ አይቃናም።

ቀጥሎ ጥርሶቹ ይታዩ። ከጥርሶቹ ሁሉ ወደ ታች ወጣ የሚለው አንዱ ከአፉ መስመር ዝቅ ብሎ መታየት አለበት። ግድ የለሽ ሰው ሲስለው አብሮ ቆርጦት ከሆነ፣ ብረቱ ሽክርክሪት ላይ መቆሚያውን፣ ዝላይ ላይ መነሻውን አጥቷል።

ሦስተኛ፣ የቀረው ብረት ይታይ። በብዙ ብረቶች ላይ ወደ ታችኛው ዳር ያለው ጠንካራ ክፍል ብቻ ነው ስሎን የሚችለው። በየስሎው ትንሽ ትንሽ እየተበላ ሲያልቅ የሚቀረው ለስላሳ ብረት ነው፤ ቢሳልም ቶሎ ይደንዛል። በጎኑ ያለው ያልተቀባ ጠባብ መስመር ወደ ማለቅ ከተቃረበ ብረቱ ዕድሜውን ጨርሷል።

አራተኛ፣ ጉብጠቱ። በተለይ ከጥርሱ ኋላ ያለው አጭር ክፍል ከሌላው ይበልጥ ይጎብጣል፤ ሽክርክሪት የሚቆመው እዚያ አካባቢ ነው። ከተቻለ ከዚያው ዓይነት አዲስ ብረት ጋር ጎን ለጎን ይታይ። ጠፍጥፎ ከሆነ የብረቱ ቅርጽ ተበላሽቷል፤ ብዙ ጊዜም አይመለስም።

አምስተኛ፣ ዝገት። ላይ ላዩን ያለ ዝገት ይጠረጋል። አፉ ላይ ጉድጓድ የፈጠረ ዝገት ግን በልቶታል። ብረቱ ጫማው ላይ የታሰረበት ቦታም ይታይ፤ በእርጥበት የላሸቀ የቆዳ ሶል ብሎን አይዝም።

የመጨረሻውና ዋናው የሳንቲሙ ምርመራ ነው። ጫማው ተገልብጦ ቀጥ ብሎ ይያዝ። በሁለቱ አፎች ላይ አንድ ሳንቲም ወይም ቀጥ ያለች ቀላል ማስመሪያ አግድም ትቀመጥ። ሳንቲሙ ከብረቱ ጎን ጋር ትክክለኛ መስቀል ከሠራ አፎቹ እኩል ናቸው። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ዝቅ ያለው አፍ አጥሯል። ይህ ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ ሦስት ቦታ ላይ ይደገም፤ መሐሉ እኩል ሆኖ ፊቱ የሚያዘነብል ብረት ብዙ ነው። ከዚያ የአውራ ጣት ጥፍር በአፉ ላይ አግድም ቀስ ብሎ ይሳብ፤ ስል የሆነ አፍ ከጥፍሩ ላይ ስስ ፍቅፋቂ ያነሣል። በጣት ሥጋ ግን በርዝመቱ መዳሰስ አይገባም፤ ይቆርጣል።

ይህ ሁሉ ወደ አንድ ሰው ያመራል፤ ወደሚስለው ባለሙያ። ወላጅ ለብረቱ ምርት ስም ሳምንት ሙሉ ይመራመራል፤ ማን እንደሚስለው ግን አይጠይቅም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መካከለኛ ብረት በጥሩ ሞራጅ እጅ ከዓመት ዓመት ያገለግላል። ውዱ ብረት በመጥፎ እጅ በአንድ ከሰዓት ይበላሻል። በብዙ የበረዶ ሜዳዎች የመሳያ ማሽኑን የሚይዘው ሰው የለመደው የሆኪ ጫማ ነው። የሆኪ ብረት ቀጠን ይላል፣ ጥርስ የለውም፣ ጉብጠቱም ሌላ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ የለመደውን ይሠራል። የለመደው ግን የፊገር ስኬቲንግን የፊት ጉብጠት ይደፈጥጣል፣ ጥርሱን ይነካል።

ጥሩ ሞራጅ በጥያቄው ይታወቃል። «የቦዩ ልክ ስንት ነበር?» ይላል። «ልጅቷ ስንት ኪሎ ትመዝናለች? ምን ትዘላለች?» ይላል። ምክንያት አለው። ቦዩ የሚለካው በክብ ራዲየስ ነው፤ በጣም የተለመደው ግማሽ ኢንች አካባቢ ነው። ግማሽ ኢንች ማለት በ4 ሚሊ ሜትር ብረት ላይ 0.16 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት ነው። 3/8 ኢንች ከሆነ ጥልቀቱ ወደ 0.21 ያድጋል፤ 5/8 ከሆነ ወደ 0.13 ይወርዳል። ጥልቅ ቦይ በረዶውን አጥብቆ ይነክሳል፤ ፍጥነት ግን ይበላል። ጥልቀት የሌለው እንደ ልብ ይንሸራተታል፤ ግን ላልጠነቀቀ ያመልጣል። ክብደት የሌለው ልጅ ብረቱ እንዲነክስለት ጠለቅ ያለ ቦይ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ከበድ ያለ አዋቂ በክብደቱ ስለሚነክስ ጠለቅ ባላለው ይመቸዋል። ዓለም አቀፍ ውድድሮች እስከ 1990 የግዴታ ቅርጾችን በበረዶ ላይ ያስሥሉ በነበረበት ጊዜ፣ ለዚያ ሥራ ብቻ ጥልቀቱ በጣም የቀነሰ ቦይ ያለው ሌላ ጫማ የሚይዙ ነበሩ። ሥራው ሲለይ ቦዩ ይለያል። ምንም ሳይጠይቅ ጫማውን ተቀብሎ በሁለት ደቂቃ የሚመልስ ሰው የሚያውቀው አንድ ልክ ብቻ ነው።

ብረቱ ከስሎ ሲመለስ ሳንቲሙ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይውጣ። ይህ ድፍረት አይደለም። ልብስ ሰፊ ቤት የሄደ ሰው ለብሶ ሳያይ አይወጣም። አዋቂ ሞራጅ አይከፋውም፤ እንዲያውም ራሱ አስቀድሞ ያሳያል። የሚቆጣ ከሆነ ግን መልሱ ተገኝቷል፤ ሌላ ይፈለግ። ጥሩው ሰው የአንድ ሰዓት መንገድ ቢርቅም ይኬዳል፤ ልምምዱ ከ20 እስከ 40 ሰዓት ሲሞላ አንዴ እንጂ በየቀኑ አይደለም። አዲስ ብረት ሲገዛም ከፋብሪካ የመጣበት ስለት በቂ ነው ተብሎ መታመን የለበትም፤ መጀመሪያ ይታይ።

አስተሳሰሩም ችላ አይባልም። ልምድ ያለው ሰው አዲስ ብረት በመጀመሪያ ቀን በቋሚ ብሎን አይቸነክርም። በሞላላ ቀዳዳዎች ጥቂት ጊዜያዊ ብሎኖች ብቻ ያስራል። ልጁ ጥቂት ቀን ይሞክረዋል። ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚጥለው ከሆነ፣ ብሎኑ ላላ ተደርጎ ብረቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ይገፋል። ሲስማማ ቋሚው ብሎን ይገባል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ አፎቹ እኩል መሆናቸው ሳይረጋገጥ ብረቱን መግፋት፣ አንዱን ስሕተት በሌላ ስሕተት መሸፈን ይሆናል። መጀመሪያ ሳንቲሙ፣ ከዚያ ብሎኑ። ከዚያ በኋላም በየሳምንቱ ብሎኖቹን በእጅ መነካካት የታካሃሺን ምሽት ያስቀራል።

ልጁም የራሱ ድርሻ ይኑረው። ከበረዶው ሲወጣ ብረቱን በደረቅ ጨርቅ እስከ ጥርሱና እስከ ብሎኑ መጥረግ፤ በረዶ ባልሆነ ወለል ላይ ለመራመድ የፕላስቲኩን ሽፋን ማድረግ፤ ቤት ሲገባ ፕላስቲኩን አውልቆ የጨርቁን ማልበስ። ፕላስቲኩ ውስጥ እርጥብ ሆኖ ያደረ ብረት ይዝጋል። በሲሚንቶ ላይ አምስት እርምጃ የሄደ ብረት የሳምንቱን ስለት እዚያው ይተወዋል። የ8 ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ በራሱ ማድረግ ይችላል። ብረቱን በየቀኑ የሚጠርግ ልጅ ብረቱን ያውቀዋል፤ ሲደንዝም ከማንም ቀድሞ ይናገራል። «ሰበብ ያስለምዳል» ለሚለው ስጋት የተሻለው መልስም ይኸው ነው፤ መሣሪያውን በኃላፊነት የያዘ ልጅ በመሣሪያው አያላክክም።

አሠልጣኞችና ክለቦችም የሚጠየቁት ነገር አለ። ለትምህርቱ በሰዓት የሚከፍል ወላጅ ልጁ በጠማማ ብረት ላይ እየተማረ መሆኑን ማወቅ መብቱ ነው። በየወቅቱ መጀመሪያና ከየስሎው በኋላ የተማሪን ብረት ገልብጦ ማየት ከአሠልጣኝ ሥራ ሊቆጠር ይገባዋል። ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ ነው። በተለይ ወላጁ በሕይወቱ በረዶ ላይ ቆሞ የማያውቅ፣ ፀሐይ አገር ያደገ ሰው ሲሆን፣ ሌላ የሚነግረው የለም። ያ ወላጅ እግር ኳስ ቢሆን ኳሱ መተንፈሱን ከሩቅ ያውቃል። ሩጫ ቢሆን ጫማው መጥበቡን ያያል። እዚህ ግን ብረቱ ሲያብረቀርቅ ደህና ይመስለዋል።

አንድ ነገር በሐቀኝነት መነገር አለበት። ብረት ዝላይ አያስተምርም። አፎቹ እኩል የሆኑ፣ በልኩ የተሳለ፣ በትክክል የታሰረ ብረት ያገኘች ልጅ በማግሥቱ ሻምፒዮን አትሆንም። ትወድቃለች፤ ምናልባትም ከቀድሞው እኩል ትወድቃለች። ልዩነቱ አወዳደቋ ላይ ነው። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ ቀድማ፣ አንዴ ዘግይታ ትወድቃለች። አሠልጣኟም የምታየው የልጅቷን ሥራ ይሆናል፤ የምትሰጠው እርማትም ይሠራል። እርማቱ የማይሠራላት ልጅ ቀስ በቀስ ጥፋቱ የእርሷ እንደሆነ ታምናለች፤ ብዙዎች ስፖርቱን የሚተዉት ስለወደቁ ሳይሆን ለምን እንደሚወድቁ የሚነግራቸው ስላጡ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ያቺ ልጅ መኪና ውስጥ «እኔ አልችልም» ስትል፣ እናቷ ከማባበሏም ከመቆጣቷም በፊት ጫማውን ከቦርሳው ታውጣው። ትገልብጠው። ከኪሷ ሳንቲም ታውጣና «ነይ፣ አብረን እንየው» ትበላት።